እሳቱ ግድግዳ ውስጥ ምን ይሠራል?

እናቴ ባለፈው ታኅሣሥ ከደብረ ብርሃን መጥታ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እኛ ቤት የገባች ዕለት ኮቷን እንኳን ሳታወልቅ ሄዳ ፋየርፕሌሱ፣ ሳሎን ግድግዳ ውስጥ የተሠራው የእሳት ማንደጃ፣ ፊት ቆመች። ከጠዋት ጀምሮ ያነደድኩት ለእሷ ነው። ውጭው በረዶ ነው። ሳሎኑ በኔ ግምት መጽሔት ላይ የሚወጣ ቤት መስሏል። ደረቴን ነፍቼ ምርቃት እጠብቃለሁ። እሷ እጇን ወደ እሳቱ ዘርግታ ትንሽ ቆየችና ዞር ብላ አየችኝ።

«እሳቱ ግድግዳ ውስጥ ምን ይሠራል?» አለች። «ለግድግዳው ነው እንዴ የምታሞቁለት?»

ሁላችንም ሳቅን። በኋላ ሳስበው ግን ፈረንጆቹ ስንት ዘመን የተጨቃጨቁበትን ጉዳይ ነው በአንድ አፍታ የጨረሰችው።

ቤቱን የገዛነው በዚህ ፋየርፕሌስ ምክንያት ነው ብል አልዋሸሁም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የተሠራ የሸክላ ጡብ ቤት ነው። ኩሽናው ጠባብ፣ ቤዝመንቱ (ምድር ቤቱ) እርጥበት የማያጣው፣ መስኮቱ ያረጀ። ያዞረችን ደላላ ግን ጎበዝ ነበረች። ኩሽናውን ቶሎ ቶሎ አሳልፋን ሳሎን ስንደርስ ቆመች። እጇን ጡቡ ላይ አሳረፈችና «ገናን እዚህ አስቡት» አለች። እኔና ባለቤቴ ተያየን። አለቀ። የጣሪያውን ዕድሜ ሳንጠይቅ ፈረምን።

ከዚያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አልነደደም። ባለቤቴ ውስጡ ሻማ ደረደረችበት። ልጆቹ ኳስ ይከቱበታል። በሦስተኛው ዓመት አንድ ቅዳሜ ማታ ወኔ መጣብኝና ከሱፐርማርኬት በላስቲክ የታሰረ ፍልጥ ገዝቼ ለኮስኩት። ዳምፐር የሚባል ነገር እንዳለ ማን ነገረኝ? ጭስ ማውጫው ጉሮሮ ላይ የተገጠመ የብረት ክዳን ነው። እሳት ከሌለ ይዘጋል፣ ከመለኮስ በፊት ይከፈታል። አልከፈትኩትም። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ሳሎኑ ጉም ሆነ። የሳሎኑ የጭስ ማንቂያ ጮኸ፣ ቀጥሎ የፎቁ፣ ቀጥሎ የቤዝመንቱ። ልጆቼ በካልሲ ወጥተው በረንዳ ላይ ቆሙ። ጎረቤታችን፣ ሽማግሌው አሜሪካዊ፣ በፒጃማ መጥቶ በመቆስቆሻው ብረት አንድ ነገር ወደ ላይ ገፋ ሲያደርግ ጭሱ ሽቅብ ሄደ። ጭስ ቤት ተወልጄ፣ ጭስ ቤት አድጌ፣ ሜሪላንድ መጥቼ በጭስ ተዋረድኩ።

ስለ ነገሩ ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ያነበብኩትም አላስደሰተኝም። ክፍት ፋየርፕሌስ፣ ቤት ማሞቅን እንደ ሥራ ካየነው፣ ሰነፍ ሠራተኛ ነው። አብዛኛው ሙቀት ከጭሱ ጋር ሽቅብ ይሄዳል። ይባስ ብሎ እሳቱ ለመንደድ አየር ስለሚስብ፣ ገንዘብ ከፍለህ ያሞቅከውን የቤት አየር ጠራርጎ በጭስ ማውጫው ያስወጣልሃል። በምትኩ ብርዱ በበርና በመስኮት ስንጥቅ ይገባል። እኛ ቤት ደግሞ ቴርሞስታቱ፣ ሙቀት እየለካ ማሞቂያውን የሚያበራና የሚያጠፋው፣ ያለው ሳሎን ግድግዳ ላይ ነው። እሳቱ ሲነድ እሱ ቤቱ በሙሉ የሞቀ ይመስለውና ዋናውን ማሞቂያ ያጠፋዋል። ፎቅ ላይ ያሉት መኝታ ቤቶች ይቀዘቅዛሉ። ሳሎን ሠርግ፣ ፎቅ ለቅሶ። ይቺን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ቤንጃሚን ፍራንክሊን፣ የመቶ ዶላሩ ሰውዬ፣ በዚሁ ተበሳጭቶ ነው እ.ኤ.አ. በ1740ዎቹ መጀመሪያ ፊላደልፊያ ላይ የብረት ምድጃ የሠራው። ቅሬታው ግልጽ ነበር። እሳት ፊት የተቀመጠ ሰው ፊቱ ይጠበሳል፣ ጀርባው ይበርዳል፣ እንጨቱም በከንቱ ያልቃል። ከሱ በኋላ በ1790ዎቹ ራምፎርድ የሚባል ሌላ አዋቂ መጣ። የማንደጃውን ጥልቀት ቀነሰና ሁለቱን ጎኖች ወደ ውጭ አጋደላቸው፤ ሙቀቱ ግድግዳ ውስጥ ከሚቀር ወደ ሰው እንዲመለስ። ልብ በሉ፣ ሁለቱም የእናቴን ጥያቄ ነው የሚመልሱት።

የኛ ጎጆ ቤት ይሄ ችግር የለበትም። እሳቱ መሐል ነው። ሰው ዙሪያውን ይቀመጣል። ፊት ለፊትህ እሳቱ፣ ከእሳቱ ወዲያ የሌላ ሰው ፊት። ብታኮርፍ እንኳን የምታኮርፈው ሰው ፊትህ ነው። ጭሱ በሣር ክዳኑ ሰርጎ ይወጣል፣ ጣሪያውን ግን በጠቀርሻ ለብጦት ነው። ይሄን ለእናቴ በናፍቆት ሳወራላት ዝም ብላ ሰማችኝና «አንተ እንጨት ተሸክመህ ታውቃለህ?» አለችኝ። አላውቅም። «ጭስ ሲያስለቅስህ እንጀራ ጋግረህ ታውቃለህ?» እሱንም አላውቅም። «እንግዲያው ዝም በል» አለች። ልክ ናት። የጭስ ናፍቆት የሚይዘን አብዛኞቻችን ወንዶች ነን፤ እሱም ርቀን ሄደን ነው። ከእንጦጦ ቁልቁል ከቁመቷ የሚበልጥ ቅጠልና ጭራሮ ጀርባዋ ላይ አዝላ ስትወርድ ያየናት ሴትዮ እሳት አይናፍቃትም።

ስለ ብርድም አንድ ነገር ልበል። እዚህ አገር ከኢትዮጵያ ነኝ ስትል ሰው ሁሉ ብርዱ እንዴት ይዞሃል ይልሃል። ውጭው ከባድ ነው፣ አልክድም። ግን እኔ በሕይወቴ ክፉኛ የበረደኝ አዲስ አበባ፣ ቤት ውስጥ ነው። በሐምሌ፣ ሲሚንቶ ወለል ላይ፣ እርጥብ ካልሲ አድርጌ የቤት ሥራ ስሠራ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ ደብረ ብርሃን ከ2,800 አያንስም፣ ቤቱ ግን ማሞቂያ የለውም። ደጁና ጓዳው አንድ ነው። ማሞቂያህ ጋቢህ ነው። የሚገርመው አዲስ አበባ ራሷ ከብርድ በመሸሽ የተቆረቆረች ከተማ ናት። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ውርጭ ወደ ፍልውሃው ወርደው በ1879 ዓ.ም. ቤት አሠሩ፣ መኳንንቱ ተከተሉ፣ ከተማ ሆነ። ከዚያ ያ ሁሉ ሰው ሲያነድ ሲያነድ በዙሪያው ያለው እንጨት አለቀ። አፄ ምኒልክ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከማሰብ ደርሰው ነበር። ከተማዋን ያተረፋት ባሕር ዛፍ ነው። እንግዲህ ሙቀት ፍለጋ የተመሠረተች፣ በማገዶ እጦት ልትቀር የነበረች ከተማ፣ ዛሬም ኮንዶሚኒየሙንም ባለ መስታወቱን አፓርታማም ያለ ማሞቂያ ትሠራለች። ሰዉም ቤት ውስጥ ጃኬት ለብሶ ይቀመጣል። ለምዶታል።

እዚህ ተገላቢጦሽ ነው። ደጁ ጆሮ ይቆርጣል፣ ቤት ውስጥ ሁሉም ክፍል እኩል 70 ፋራናይት ነው። በኛ ቋንቋ 21 ዲግሪ መሆኑ ነው። ሳሎኑም፣ ኮሪደሩም፣ ሽንት ቤቱም። ሴት ልጄ በቲሸርት መኝታ ቤቷ፣ ወንዱ ቤዝመንት ከጌሙ ጋር፣ ባለቤቴ ኩሽና፣ እኔ ላፕቶፔን ይዤ አንድ ጥግ። ቤቱ ሁሉ እኩል ሲሞቅ ማንም ማንንም አይፈልግም። እራት ደርሷል የሚለው መልእክት በስልክ ነው የሚላከው። ከኩሽና ወደ ፎቅ! እውነቴን ነው።

ሳሎን ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። አክስቴ ካዛንቺስ የሚገኝ የጃንሆይ ዘመን ቪላ ውስጥ ትኖር ነበር። አሁን ፈርሷል። ሳሎኑ ውስጥ ከነጭስ ማውጫው የተሠራ የድንጋይ ፋየርፕሌስ ነበረው። ልጅ ሆኜ አንድም ቀን ሲነድ አላየሁም። ውስጡ ትልቅ የፕላስቲክ አበባ ተቀምጦበታል። ከላዩ የአጎቴ የምረቃ ፎቶ፣ ከጎኑ ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሶ። ሶፋው ላስቲኩ አልተነሳለትም። ስትቀመጥበት ይንጫጫል፣ ስትነሳ ቆዳህን ይዞ ይቀራል። ለነገሩ አትቀመጥበትም። ሳሎን ለእንግዳ ነው። እኛ የምንሞቀው ከኋላ፣ ሰርቪስ ቤት፣ የከሰል ምድጃው ዙሪያ ነው። ሳቁም፣ ሐሜቱም፣ የተጠበሰ በቆሎውም እዚያ ነው። አክስቴ በክፍለ ከተማው ውስጥ ካሉት ቤቶች ስንቱ የሌለው የእሳት ማንደጃ እያላት ኩርምት ብላ በርጩማ ላይ ትቀመጣለች። እኔ ያኔ ድህነት መስሎኝ ነበር።

አሜሪካ መጥቼ ያየሁት ምንድነው? ያው ነው። ፋየርፕሌስ ያለበት ሳሎን ብዙ ቤት የሚከፈተው ለታንክስጊቪንግና ለገና ነው። ኑሮው ኩሽና ነው። የኛ ሐበሾች ደግሞ የሁለቱን አገር ጠባይ አንድ ላይ አመጣነው። ነጭ የቆዳ ሶፋ ከነሙሉ ስብስቡ እናስገባለን፣ መሐል ላይ የመስታወት ጠረጴዛ፣ ጣሪያው ላይ ዓይን የሚያጠፋ ነጭ መብራት። ወንበሩ ሁሉ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ተደርድሯል፤ ልክ እንደ ለቅሶ ቤት። ከዚያ 75 ኢንች ቴሌቪዥን ገዝተን ፋየርፕሌሱ አናት ላይ እንሰቅለዋለን። እሳቱ ከታች ያቃጥለዋል፣ እኛ አንገታችንን ወደ ላይ አንጋጠን ከአገር ቤት የመጣ ዜና እናያለን። የአንገት ሕመም ይዞህ ሐኪም ቤት ብትሄድ አይገርምም። እኔም እንደዚያ ሰቅዬ ነበር፣ ማንን ልውቀስ።

ቨርጂኒያ ያለ ጓደኛዬ የጋዝ ነው ያለው። ሪሞቱን ይጫናል፣ ቧ ይላል። እንጨት የሚመስለው ሴራሚክ ነው፣ አያልቅም፣ አይከስልም። «የእሳት ልጅ አመድ» የሚለውን ተረት ለልጆቹ እንዴት እንደሚያስረዳቸው አላውቅም። የሱ እሳት ልጅ የጋዝ ቢል ነው። ሌላው ጓደኛዬ አፓርታማ ነው፣ ምንም የለውም፣ ስለዚህ ዩቲዩብ ላይ አሥር ሰዓት ሙሉ የሚነድ እሳት ይከፍታል። ስቄበት ነበር። ለካ ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1966 ኒውዮርክ ውስጥ አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ለገና ዋዜማ ማስታወቂያውን ትቶ የሚነድ እሳት ብቻ ማሳየት ጀምሮ ነበር፣ ፋየርፕሌስ ለሌለው ለአፓርታማ ነዋሪ ስጦታ ብሎ። የተቀረጸው በከንቲባው መኖሪያ ነው። ቀረጻው ላይ ትንታግ ፈንጥቆ የከንቲባውን ምንጣፍ አቃጠለው ይባላል። እውነተኛ እሳት እንደዚህ ነው፣ ለካሜራ ብሎ አደብ አይገዛም።

ወደ እናቴ ልመለስ። በመጣች በሦስተኛው ቀን እኔና ባለቤቴ ከሥራ ስንመለስ ሳሎኑ ተለውጧል። ለብቻዋ ያን ሁሉ ሶፋ እንዴት እንዳንቀሳቀሰች እግዜር ይወቅ። ሁለቱን ከግድግዳ አላቃ፣ ወደ እሳቱ አስጠግታ፣ ግማሽ ክብ አድርጋቸዋለች። የመስታወት ጠረጴዛው ኮሪደር ወጥቷል። ከኩሽና ሁለት ዱካ፣ ከሻንጣዋ ያመጣችልን አጎዛ መሬት ላይ። የጣሪያው መብራት ጠፍቶ ጥግ ላይ ያለችው የቁም አምፖል ብቻ በርታለች። ቴሌቪዥኑን አልነካችውም፤ አይደረስማ። ጋቢ ጣል አድርጋበታለች።

ባለቤቴ ቤት ማስጌጥ ላይ ብዙ ታነባለች። የምታነባቸው ሁሉ የሚሉት ይሄንኑ ነበር፦ መቀመጫውን ወደ እሳቱ አዙሩ፣ አንድ ከባድ መብራት ከላይ ከምትተኩሱ ሁለት ሦስት ለስላሳ አምፖል ዝቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ አምፖሉ 2,700 ኬልቪን የተጻፈበት፣ ቢጫው ይሁን፣ ምንጣፍ አንጥፉ፣ ወፍራም መጋረጃ ስቀሉ። እኛ አንብበን አንብበን ትራስ ገዛን። እሷ ሳታነብ ሶፋ ጎተተች።

አንድ ነገር ላይ ብቻ ተከራከርን፣ እሱም ርቀቱ ነው። እሷ አስጠግታ አስጠግታ የሶፋው ጫፍ ወላፈኑ ውስጥ ሊገባ ምንም አልቀረው። እዚህ ሕጉ ቢያንስ አንድ ሜትር ገደማ ራቁ ነው፣ የእሳት አደጋ ሰዎች ሦስት ፊት የሚሉት። የሶፋ ስፖንጅ እንደ ጥጥ አይደለም፣ አንዴ ከያዘ አይለቅም። ገፋ አደረግነው። ከፊት ለፊቱ የብረት ወንፊት አቆምንበት፣ ትንታጉን እንዲይዝ። እናቴ «እሳት በወንፊት!» ብላ ተገረመች።

እንጨቱን ስታይ ደግሞ ጉድ ፈላ። ስድስት ፍልጥ በላስቲክ ተጠቅልሎ አሥር ዶላር። አባዛችው። «ከሺህ ብር በላይ! ለስድስት ፍልጥ!» ከዚያ ሁለቱን አንስታ አጋጨቻቸው። ድም አለ። «እርጥብ ነው» አለች። ደረቅ እንጨት ሲጋጭ ቀጭን ድምፅ አለው፣ ቋ ይላል። እርጥቡ ድም ይላል፣ ሲነድ ያፏጫል፣ ያለቅሳል፣ ይጨሳል። እኔ ይሄን ለማወቅ እርጥበት የሚለካ መሣሪያ ለመግዛት አስቤ ነበር። ከ20 በመቶ በታች መሆን አለበት የሚል አንብቤ። በሳምንቱ ከአንድ ገበሬ ክምር እንጨት ገዛን፣ ኦክ ነው፣ ሁለት በጋ የደረቀ። ሰውዬው ከመኪናው ሲያወርድ እናቴ ጋቢዋን ተከናንባ ደጅ ቆማ እየመረጠች ታጋጫለች። ቋ። ቋ። ድም። ድም ያለውን ትመልስለታለች። ሰውዬው መጀመሪያ ሳቀ። በኋላ ራሱ ማጋጨት ጀመረ።

ሽታው ግን አላረካትም። «ይሄ እንጨት አይሸትም» ትላለች። ወይራ የለም፣ ጥድ የለም። ከፌንተን ጎዳና ዝቅ ብሎ ካለው የሐበሻ ሱቅ እጣን ገዝተን ፍም ላይ ጣል አደረገችበት። ከዚያ ቤቱ ቤት ሆነ።

ከሁሉ የማልረሳው ግን ቡናው ነው። ወንፊቱን ገለል አድርጋ፣ ፍሙን በመቆስቆሻው ወደ ፊት ስባ፣ ጡቡ ላይ ዘረጋችውና ጀበናዋን ጣደችበት። እኔ አምስት ዓመት ሙሉ በኤሌክትሪክ ምድጃ ሳፈላ ፊቴ እሳት እንዳለ አላሰብኩም። እሷ ስታፈላ ሴት ልጄ ጋቢ ተከናንባ ከፎቅ ወረደች። «ላይ ቤት ይበርዳል» አለች እየተነጫነጨች። ያቺ ያዙልኝ ያልኳችሁ ቴርሞስታት ናት፣ ሥራዋን ሠርታለች። «ነይ እዚህ፣ የኔ እናት» ብላ አጠገቧ አጎዛው ላይ አስቀመጠቻት። ትንሽ ቆይቶ ወንዱ መጣ፣ ቤዝመንቱም በርዶታል። ፈንዲሻው ደረሰ። ስልኮቻቸውን ይዘው ነው የመጡት፣ አልዋሽም፣ አጥፍተው አይደለም። ግን እሳት የሚገርም ነገር አለው፣ ዓይን ይሰርቃል። ስልኩን ያያሉ፣ ቀና ብለው እሳቱን ያያሉ፣ ከዚያ ስልኩን ይረሱታል። ልጄ «እምዬ፣ ሕፃን ሆነሽ ማታ ማታ ምን ትሠሩ ነበር?» አለቻት በተሰበረ አማርኛዋ። እናቴ ጀመረች። ሦስተኛ እስኪጠጣ አላበቃችም።

በማግስቱ ቴርሞስታቱን ወደ ኮሪደር የሚያዛውርልኝ ኤሌክትሪሺያን ልጠራ የነበረውን ሰረዝኩት። ባለቤቴ ስንፍና ነው ትላለች።

መኝታ ላይ ስንደርስ ግን ጠብ ተነሳ። እናቴ እሳት አታጠፋም። ታዳፍናለች። ፍሙን ሰብስባ፣ አመድ አልብሳ፣ ጠዋት ገለጥ ስታደርገው ፍሙ እየሳቀ ይጠብቃታል። በእሷ ልጅነት እሳት የጠፋበት ቤት ጎረቤት ሄዶ ይጭር ነበር፣ ትንሽ ነውርም ነበረው። እኔ ደግሞ የተዳፈነ ፍም የማይሸት፣ የማይታይ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለውን፣ እንደሚያወጣ አውቃለሁ። ዳምፐሩ ሌሊቱን ሙሉ ካልተከፈተ ይገድላል፣ ከተከፈተ ደግሞ የቤቱ ሙቀት ሲወጣ ያድራል። ላስፈራራት ስል አዲስ አበባ ከሰል አስገብተው በር ዘግተው ተኝተው የቀሩትን አነሳሁባት። «እኔ መቼ በር ዘግቼ ተኛሁ?» አለችኝ ተቆጥታ። እውነትም ሳየው መስኮቱን ጣት በምታስገባ ያህል ከፍታዋለች። መጨረሻ ላይ ተስማማን። ዳምፐሩ ተከፍቶ ያድራል፣ መኝታ ቤት በሮች አጠገብ አዲስ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ገባ፣ እሷም ታዳፍናለች። በየወሩ መጨረሻ የመጣውን የጋዝ ቢል ለእሷ አላሳየኋትም።

አመዱንም አላስጣለችኝም። ሁለት ጣት ያህል አመድ ከሥር ሲተኛ እሳቱ ቶሎ ይያያዛል፣ ፍሙም ይቆያል አለች። ጭስ ማውጫውን በየዓመቱ የሚጠርገው ሰውዬ ሲመጣም ይሄንኑ ነገረኝ፣ ከፍላችሁም ቢሆን አስጠርጉት፣ ቸል ብትሉት ውስጡ የሚጋገረው ጠቀርሻ አንድ ቀን ራሱ ሊነድ ይችላል። የሚወጣውን አመድ ግን ክዳን ባለው የብረት ባልዲ አድርጋችሁ ደጅ፣ ከቤት ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ። በረደ ያላችሁት አመድ ውስጥ ፍም ቀናት ሊያድር ይችላል። የማውቀው ሰው በወረቀት ከረጢት አድርጎ ጋራዥ አስቀምጦ ከእሳት አደጋ ሠራተኞች ጋር ተዋውቋል።

እናቴ በመጋቢት ተመለሰች። ሳሎኑን እንደተወችው ተውነው። የመስታወት ጠረጴዛውን ሸጥነው። ቴሌቪዥኑን ቤዝመንት አወረድነው፣ ልጄ ደስ ብሎት ነው የተሸከመው። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ ግር ይለዋል፣ ወንበሩ ምነው መሐል ገባ ይላል፣ እሳት ሊጭር እንደመጣ ሰው ቆሞ ያመነታል። ከዚያ ይቀመጣል። ከዚያ አይነሳም።

ባለፈው እሑድ በቪዲዮ ደወለች። ደብረ ብርሃን ውርጭ ነው አለች። ጋቢዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባለች። ከኋላዋ የሚታየኝ ጥላሸት የለበሰው የኩሽናው ግድግዳ ነው፣ ከጎኗ የከሰል ምድጃው። እኔና እህቶቼ አዋጥተን የዛሬ ሁለት ዓመት ያሠራንላት ቤት ትልቅ ሳሎን አለው። ሶፋውንም ገዝተንላታል።

«እማዬ፣ ለምን ሳሎን አትቀመጪም?» አልኳት።

«ሳሎኑማ ይበርዳል» አለችኝ። «ደግሞስ ለእንግዳ አይደል?»